ርዕሰ መስተዳድርና እንደራሴ፦ በሁለቱም ስም ውስጥ «ራስ» አለ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂዋ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በዜግነት ትምህርት ‹የክልል ርዕሰ መስተዳድር ሥልጣንና ታሪክ› የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ይርጋለም ያደጉት አባቴ ሰምተው ‹ምን ያለፋሃል፤ ያው እንደራሴ ማለት ነው፤ ስሙ ነው የተቀየረው› አሉት። እኔም አጥርቼ አላውቀውም። ማን ነው የሚሾመው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊያነሳው ይችላል? ሥልጣኑስ እስከ ምን ድረስ ነው?»

ለልጅዎ ደብተር የሚሆነውን አጭሩን መልስ ላስቀድም። ርዕሰ መስተዳድር የአንድ ክልል አስፈጻሚ አካል የበላይ ነው። ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም አይሾመውም። ሕዝቡ በየአምስት ዓመቱ የክልሉን ምክር ቤት ይመርጣል። በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል አንዱን በዕጩነት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ በድምፁ ያጸድቃል። ተጠሪነቱ ለዚያው ምክር ቤት ነው፤ በሕግ ሊያወርደው የሚችለውም እሱው ነው።

የአባትዎን ነገር ግን በዚህ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። እዚሁ ሐዋሳ ሕገ መንግሥት ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን አባባል ከብዙ ሽማግሌዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ካዩት ተነሥተው ስለሆነ ሚዛን ይገባዋል።

አባትዎ በልጅነታቸው የሚያውቁት ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛትን ነው፤ መቀመጫውም ያደጉበት ይርጋለም ነበር። ሐዋሳ ራሷ የእንደራሴ ሥራ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ እንደራሴ ሳሉ ነው ከሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው። አንድ ሰው ቦታ መርጦ ከተማ የሚያቆምበት ሥልጣን ነበር ማለት ነው፤ አባትዎ «ያው እሱ ነው» ሲሉ እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው ነው በዓይነ ኅሊናቸው የሚያዩት።

ግን ቃሉን ልብ ብለው ይስሙት። እንደ ራሴ። ተናጋሪው ንጉሡ ነው፤ «ይህን ሰው እንደ ራሴ ቁጠሩት» ማለቱ ነው። እንደራሴው በጠቅላይ ግዛቱ ላይ የቱንም ያህል ቢገን ሥልጣኑ የተውሶ ነበር፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 ዓ.ም የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ይህንኑ በሕግ አሰረው። ገዥዎች ከሕዝቡ በሚሰበስቡት ግብር ይተዳደሩ የነበረው ቀርቶ ደሞዝተኛ ሆኑ፤ ተጠሪነታቸው ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሆነ፤ ሹመታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ። ከላይ ጠቅላይ ግዛት፣ ከሥር አውራጃ፣ ወረዳ፣ ምክትል ወረዳ፤ ትእዛዙ እንደ ውሃ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሲዳሞ ሕዝብ «ይህ ይሁንልኝ፤ ያኛው ይውረድልኝ» የሚልበት አንድም ቀዳዳ አልነበረም።

አሁን ሌላውን ስም ይመልከቱ። ርእስ በግዕዝ ራስ ነው። ርዕሰ መስተዳድር፣ የመስተዳድሩ ራስ። ሁለቱም ስም «ራስ»ን ይዟል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ራስ የተባለው ሹሙን የላከው ንጉሥ ነው፤ በሁለተኛው ራስ የሆነው የክልሉ መስተዳድር የበላይ ነው። ከኋላው «እንደ እኔ እዩት» የሚል ማንም የለም። ሕገ መንግሥቱ የለወጠው ይህን ነው።

ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር፣ እንደራሴውን ዋና አስተዳዳሪ አለው። ሿሚው ያው ማዕከል ነው። በ1980 ዓ.ም አገሪቱን በ24 አስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ከፋፈላት። ስለዚህ እስከ 1983 ድረስ ባለው ዘመን የአባትዎ ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው፤ ስሙ ብቻ ነበር የተቀየረው።

ለውጡ የጀመረው በሽግግሩ ወቅት ነው። በ1984 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱ ከ1 እስከ 14 ቁጥር በተሰጣቸው ክልሎች ተዋቀረች። ሲዳማ በክልል 8 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ተዋሕደው ደቡብ ሆኑ፤ ሐዋሳም የደቡብ መቀመጫ ሆነች። «ክልላችን ተወሰደብን» የሚለው የሲዳማ ቅሬታ የተወለደው ከዚህ ነው፤ እስከ 2012 ድረስም አልበረደም። ቀጥሎ በኅዳር 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎችን በስም ዘረዘረ። በአንቀጽ 50 ላይ የክልሉ ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል እንደሆነ፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ እንደሆነ፣ መስተዳድሩ ደግሞ ከፍተኛው አስፈጻሚ እንደሆነ ደነገገ። ቅደም ተከተሉን ያስተውሉት፤ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የተባለው ምክር ቤቱ እንጂ ርዕሰ መስተዳድሩ አይደለም። ተማሪዎቼን በፈተና ከሚጥሏቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው።

በ1994 ዓ.ም ክልሎች ሕገ መንግሥታቸውን አሻሻሉ። ከማሻሻያዎቹ ዋናው የምክር ቤቱን ሰብሳቢነት ከርዕሰ መስተዳድሩ ነጥሎ ለአፈ ጉባኤ መስጠቱ ነው። ተራ የአሠራር ማስተካከያ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ተጠያቂው ራሱ ጠያቂዎቹን የሚሰበስብ ከሆነ ቁጥጥር የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? በደቡብ በዚሁ ጊዜ የብሔረሰቦች ምክር ቤት የሚባል ሁለተኛ ምክር ቤትም ተቋቁሟል፤ ብዙ ብሔረሰብ ላለበት ክልል የሚገባ ነገር ነበር።

አሁን ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው ላሉት። ከአንቀጽ ይልቅ ከተማውን ይዘን ብንሄድ ለልጁም ይቀለዋል።

በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሐዋሳ ሲገቡ የሚያልፉበት ዋና አውራ ጎዳና የፌዴራል ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የፌዴራል ነው። ዩኒቨርሲቲውም፣ በሥሩ ያለው ሆስፒታልም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም እንዲሁ። መብራትና ስልክም ከፌዴራል ነው። ልጅዎ የተማረበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትና የሚማርበት ቋንቋ፣ ጤና ጣቢያው፣ የከተማው ፖሊስ፣ የቤት ቦታው፣ ከገበያው ነጋዴ የሚሰበሰበው ግብር፣ እርስዎ የክልል ሠራተኛ ከሆኑ የእርስዎ ቅጥርና እድገት፣ ይህ ሁሉ የክልሉ ነው፤ መጨረሻው ርዕሰ መስተዳድሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። የሚገርመው ደግሞ በፌዴራሉ ፓርክ ውስጥ የምትሰፋው ልጅ ከደሞዟ የሚቆረጠው የሥራ ግብር የክልሉ ገቢ ነው፤ አንቀጽ 97 የግል ድርጅት ተቀጣሪዎችን የገቢ ግብር ለክልል ሰጥቷልና። ፓርኩ የሚያስገባው ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ ግን በአንቀጽ 96 የፌዴራል ነው።

ሐይቁስ? ብዙ ሰው «የሐዋሳ ሐይቅማ የእኛው ነው» ይላል። የፍቅር አነጋገር ከሆነ ልክ ነው። በሕግ ግን ሐይቁ በማዶው ኦሮሚያን ይነካል፤ አንቀጽ 51 ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኝ ወይም ወሰን የሚያቋርጥ ወንዝና ሐይቅ አጠቃቀምን የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል ሰጥቷል። በአሞራ ገደል በኩል የሚታየው ውሃ እንኳ የርዕሰ መስተዳድሩ ብቻ አይደለም።

ጠቅለል ያለው ደንብ አንቀጽ 52 ላይ አለ፤ ለፌዴራል ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው። በወረቀት ሲታይ ሰፊ ነው። እንደራሴው የነበረው የተሰጠው ብቻ ነው፤ ርዕሰ መስተዳድሩ ያለው ያልተወሰደበት ሁሉ ነው። በዚህም ውስጥ የክልሉን በጀት ለምክር ቤት ያቀርባል፤ የቢሮ ኃላፊዎቹን አቅርቦ ያሾማል፤ ምክር ቤቱ ያወጣውን አዋጅ ይፈርማል፤ ካቢኔውን ሰብስቦ ደንብ ያወጣል። የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉን ለምክር ቤቱ የሚያቀርበውም በአንቀጽ 81 መሠረት እሱ ነው። ሌሎቹን ዳኞች ግን አያቀርብም፤ የሚቀርቡት በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በኩል ነው፤ እንዲህ መሆኑም የፍርድ ነጻነት ዋስትና ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅንም ብዙዎች የፌዴራል ብቻ አድርገው ያስቡታል። አንቀጽ 93 የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲመጣ የክልል መስተዳድር በክልሉ እንዲያውጅ ይፈቅዳል። በኮሮና ጊዜ የትግራይ ክልል በመጋቢት 2012 ከፌዴራሉ ቀድሞ ያወጀው በዚህ ነበር።

ሠራዊት ግን የለውም። ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠው ፖሊስ ነው። በየክልሉ አድጎ የነበረው ልዩ ኃይል በአንቀጽ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ መንግሥት በ2015 መጋቢት መጨረሻ እንዲፈርስና ወደ መከላከያና ፖሊስ እንዲገባ ወሰነ። ገንዘቡም እንዲሁ ውስን ነው። ከክልል በጀት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከፌዴራል የሚመጣው ድጎማ ሲሆን፣ ማከፋፈያ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሰፊ ሥልጣን ይዞ በሰው ኪስ መኖር ማለት ነው፤ በእኔ ግምት የክልል ነጻነት ከማንኛውም አንቀጽ በላይ የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ርዕሰ መስተዳድርን ሊያነሳ ይችላል? በሕግ አይችልም። የተወካዮች ምክር ቤትም አይችልም። ብቸኛው የፌዴራል በር በአንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 9 ያለው ነው፤ አንድ ክልል ሕገ መንግሥቱን ጥሶ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጣልቃ መግባትን ያዛል። ዝርዝሩ በ1995 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 359 ላይ አለ። በጥቅምት 28 ቀን 2013 ምክር ቤቱ በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም የወሰነው በዚህ መንገድ ነበር። የጊዜያዊ አስተዳደር መሪ ከርዕሰ መስተዳድር የሚለየው በዚሁ ነው፤ ሹመቱ ከፌዴራል መንግሥት ነው፤ ተጠሪነቱም ወደዚያው ነው። አባትዎ ለእንዲህ ያለው ሹም «እንደራሴ» ቢሉ ከቃሉ ትርጉም ብዙም አይርቁም።

እዚህ ላይ ግን አባትዎን ለማሞገስ እገደዳለሁ፤ ሕግ አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው ያዩት ሌላ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ ምክር ቤቱ ፊት ከመቆሙ በፊት ፓርቲው ፊት ቆሟል። ምክር ቤቱን የሞላው አንድ ፓርቲ ሲሆን፣ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ውሳኔው የሚነገርበት ቀን ይሆናል እንጂ ውሳኔ የሚሰጥበት አይሆንም። በ1993 የሕወሓት አመራር ለሁለት ሲከፈል ጠቡ የነበረው በማዕከል ነው፤ ነገር ግን ከወራት በኋላ የትግራዩ ገብሩ አሥራት፣ የደቡቡ አባተ ኪሾ፣ የኦሮሚያው ኩማ ደመቅሳ ሁሉም ከርዕሰ መስተዳድርነት ወርደው ነበር። ሦስት ክልል፣ ሦስት ምክር ቤት፣ አንድ ምክንያት። ሐዋሳ ላይ አባተ ኪሾ በኃይለማርያም ደሳለኝ ተተኩ፤ እሳቸውም ከዓመታት በኋላ፣ በ2005 መባቻ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የሐዋሳው ወንበር ሰው የሚፈተንበትና ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ እንደነበር በዚህ ይታያል።

የአማራ ክልልን ደግሞ ይመልከቱ። ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ገዱ አንዳርጋቸው፣ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለና አረጋ ከበደ በዚያ ወንበር ተቀምጠዋል። አምባቸው መኮንን በሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳር ተገደሉ፤ እሱ ሐዘን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር የሚቆጠር አይደለም። የቀሩት ግን በአብዛኛው ወደ ፌዴራል ሌላ ኃላፊነት ተዛውረዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት ሰው! ቢሮ ኃላፊዎቹን እንኳ በቅጡ ሳያውቅ የሚነሳ መሪ የክልሉን ጉዳይ መያዝ እንደማይችል ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መራጩም የት እንደሄደበት አይነገረውም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ምክር ቤቱ ምክንያቱን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ይሁንና አንቀጹ ባዶ ጌጥ ነው ብዬ አላምንም፤ ማስረጃዬ የራሳችን ከተማ ናት። አንቀጽ 47 አንድ ብሔረሰብ ክልል ለመሆን በምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጠየቀ፣ ጥያቄው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ይላል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ጠየቀ። ዓመቱ ሳይፈጸም አለፈ፤ በሐምሌ 11 ቀን 2011 እና በተከተሉት ቀናት የሰው ሕይወት ጠፋ። ቀነ ገደብ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ በዓይናችን ያየነው ያኔ ነው። በመጨረሻ ሕዝበ ውሳኔው በኅዳር 10 ቀን 2012 ተካሄደ። ምልክቶቹን ልጅዎ ላያስታውስ ይችላል፤ ክልል ይሁን ለሚል ሻፌታ፣ በደቡብ ይቆይ ለሚል ጎጆ። የዚያን ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ አስፋልት ደርሶ አየሁ፤ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር። 98.5 በመቶ ገደማው ሻፌታን መረጠ። በሰኔ 2012 ሥልጣኑ ተላለፈ፤ ምክር ቤቱ ደስታ ሌዳሞን የመጀመሪያው የሲዳማ ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ መረጠ። ይህን ማንም እንደራሴ ሊያደርገው፣ ማንም ንጉሥ ሊልከው አይችልም ነበር። ወንበሩ የመጣው ከአንቀጽና ከድምፅ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ 2015 ድረስ ሐዋሳ የሁለት ርዕሰ መስተዳድሮች ከተማ ነበረች፤ የሲዳማውና የደቡቡ፣ ርስቱ ይርዳ። ያን ጊዜ ጉዳይ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ «የየትኛው ክልል ቢሮ ነው?» እያለ ሲጠይቅ እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተለየ፤ በ2015 ክረምት ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲቋቋሙ የቀድሞው ደቡብ ክልል ታሪክ ሆነ። ዛሬ 12 ክልሎች አሉ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ክልል ስላልሆኑ ከንቲባ እንጂ ርዕሰ መስተዳድር የላቸውም፤ ይህን ልጅዎ እንዳይሳሳት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። «ከምክር ቤቱ አባላት መካከል» የሚለው ሐረግ ቀልድ አይደለም። በነሐሴ 2010 ሙስጠፌ መሐመድ ወደ ሶማሌ ክልል መሪነት ሲመጡ የምክር ቤት አባል ስላልነበሩ በሹመታቸው የተሰጣቸው ስም ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ነበር። ሥራውን መሥራት ቻሉ፤ ስሙን ለመያዝ ግን በምርጫ ማለፍ ነበረባቸው። «ፕሬዚዳንት» የሚለውም ስም ስሕተት አይደለም፤ በአነጋገር ሁለቱም ይሠራል፤ በአማርኛው ሕግ ግን ርዕሰ መስተዳድር ነው።

ስለ ቃል ካነሣሁ፣ አባትዎን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። እንደራሴ የሚለው ስም አልሞተም። ዛሬ በጋዜጣና በራዲዮ «የሕዝብ እንደራሴ» ስንል ምክር ቤት የገባውን ተመራጭ ማለታችን ነው። «እንደ ራሴ ቁጠሩት» የሚለው ንጉሡ መሆኑ ቀርቶ መራጩ ሆነ። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚመርጠው፣ የሚጠይቀው፣ የሚያወርደውም እንግዲህ ይህ እንደራሴ ነው። ልጅዎ ለቤት ሥራው የቀበሌያችሁን የክልል ምክር ቤት ተመራጭ ስም ፈልጎ ቢጽፍ መምህሩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ጎረቤት ሲጠይቅ ስንቱ ሰው እንደማያውቀው ያገኘዋልና እሱንም ይጻፈው።

የቤት ሥራው «ታሪክ» ስለሚል ደግሞ፣ ይርጋለም ላይ አቤቱታ ይዞ የእንደራሴ ደጅ እንዴት ይጠና እንደነበር፣ ስንት ቀን ይፈጅ እንደነበር፣ ማን ያስገባ ማን ያስወጣ እንደነበር አባትዎ ቁጭ ብለው ይንገሩት። ያንን ክፍል እኔ ልጽፍለት አልችልም።